ለካሣ በእጁ ይሰጥ

አሶሳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1894 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለካሣ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በሕይወት መኖርህን ያሰማኝ አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እኔ አረጋሽ እስከዚህች ቀን አለሁ፤ አንተ የምታውቃት አረጋሽ መሆኔን ግን እንጃ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጸሐፊ አልለመንኩም፣ ዶሮም አልሰጠሁበትም። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ከየኔታ ዘንድ ስትመለስ በምድጃው አመድ ላይ በጣትህ «ሀ» ትጽፍና «እታለም፣ ይቺን ብቻ ያዥልኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ወግድ፣ ሥራ ፈት!» ብዬ በመጥረጊያ እጠርገዋለሁ። ደርቡሾች መንደራችንን አቃጥለው አንተን ከከብቱ ጋር ነድተው ከሄዱ በኋላ ያ ምድጃ ብቻ ቀረ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያን የጠረግኩትን ፊደል ስፈልግ ከረምኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲያ ነው። የዚህ የወታደር ሰፈር መሪጌታ «ምነው እትዬ አረጋሽ፣ መቃብር ውስጥ ሊያነቡት ነው?» ብሎ ተሳለቀብኝ። «አንተ አስተምር፤ የት እንደማነበው እኔ አውቃለሁ» አልኩት።

ወንበራን ትቼ ወደዚህ ቆላ የወረድኩት ባሌን ተከትዬ ነው ይላል ሰው። ይበል። ባሌ ከዘማቹ ጋር ወረደ፣ በመጀመሪያው ክረምት ንዳድ ገደለው። ዘመድ «ተመለሽ» ብሎ ላከብኝ፤ አልተመለስኩም። የሱዳን ነጋዴ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። ለእያንዳንዱ ግመል ነጂ ስምህንና በግራ ጉንጭህ ላይ ያለችውን ጠባሳ ስነግር ሦስት ዓመት ሞላኝ። ሲስቁብኝ ኖሩ። ባለፈው ግንቦት ጀዕፈር የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ «ኦምዱርማን ውስጥ ጡብ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ አገሩን ወንበራ ይላል፤ ጉንጩም ላይ ጠባሳ አለው» አለኝ። የዚያን ቀን ምን እንዳደረግኩ አልነግርህም፤ ጀዕፈር ይንገርህ።

አሁን ወደ ችግሬ ልግባ። ከነሐሴ ጀምሮ ክንዴና ጭኔ ላይ ቀይ ነገር ሽፍ ብሎብኛል። ያሳክከኛል፣ ሳክከው ይቆስላል፣ ሲድን ሌላ ቦታ ይወጣል። የባሰው ግን ውስጡ ነው። ጣቶቼንና ውስጥ እግሬን ጉንዳን እንደሚሄድበት ይነዝረኛል፤ ከንፈሬም አንዳንዴ ይደነዝዛል። ከምግብ ነው እንዳልል የምበላው የታወቀ ነው። ዘንድሮ እህል ስለጠፋ አገሬው ሽመል የሚለውን የቀርከሃ ቡቃያ እየቆረጥኩ እቀቅላለሁ። ውኃውንም አልደፋውም፤ ጨው ጣል አድርጌ እንደ ወጥ እጠጣዋለሁ። ከክረምት የተረፈውን ከነቅርፊቱ አድርቄ አስቀምጫለሁ። በዚህ አገር ሁሉም የሚበላው ይህንኑ ነው፤ ከጎረቤቶቼ ከበርታዎቹ ጋር እንኳ ብዙ ባንነጋገርም ሲቀቅሉ አያለሁ።

ሰው ገላዬን አይቶ የሚያስበውን አውቃለሁ። እኔም አስቤዋለሁ። ትልቁ በሽታ ይሉታል፣ ስሙን መጥራት ስለሚፈሩ። እኔ እጠራዋለሁ፤ ቁምጥና ከሆነ ከሰፈር ያስወጡኛል። እሱ ግድ የለኝም። የሚያስጨንቀኝ አንተ ስትመጣ ነው። አሥራ አራት ዓመት ጠብቄ ስትመጣ፣ ከአጥር ማዶ ቆሜ «እንዴት ሰነበትክ» ልልህ ነው? እዚያ የፈረንጅ ሐኪም አለ አሉ። እባክህ ጠይቅልኝ።

ማኅተም የለኝም። ከላዩ ላይ «ለካሣ በእጁ ይሰጥ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

አረጋሽ

*

ኦምዱርማን፣ የካቲት 9 ቀን 1894 ዓ.ም.

በጀርባዋ አዝላ ላሳደገችኝ ለእታለም አረጋሽ። እኔን ከዚህ ሁሉ ያወጣኝ ጌታ አንቺን ከሕመምሽ ያውጣልኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁም አለቀስኩም። ሀ-ሽ እንደ ምድጃችን ጉልቻ ሰፊ ናት። አጠገቤ የነበረው ሰው «ማን ሞተብህ?» አለኝ። «ማንም አልሞተብኝም፤ አንዲት ሴት ፊደል ተማረች» አልኩት።

እታለም፣ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የአገራችን የሺናሻ ቋንቋ እንኳ ጠፍቶብኛል፤ የቀሩኝ ውኃ፣ እሳትና አንቺ ስትቆጪ የምትዪው ብቻ ናቸው። እዚህ ስሜ ጁምዓ ነው፤ የያዙኝ ሰዎች ያወጡልኝ ነው። ካሣ ብለሽ ብቻ ብትጽፊ የሚያውቀኝ የለም። ግን ካሣ ብለሽ ጻፊ። ጀዕፈር ለጡብ አሠሪዬ ይሰጠዋል፣ እሱ ለእኔ ያደርሰዋል።

የደርቡሽ መንግሥት ከወደቀ ጀምሮ የማንም ባሪያ አይደለሁም። ከተማውን እንደገና እየሠሩት ስለሆነ ለጡብ ሥራ ሰው ይፈለጋል። ክረምቱ አልፎ በመጪው ኅዳር መንገዱ ሲከፈት ከጀዕፈር ግመሎች ጋር እመጣለሁ። በምን በኩል እንደምገባ ንገሪኝ፤ ቤትሽ ከመንገዱ በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ?

ስለ ሕመምሽ እጠይቃለሁ። ሐኪሙን አውቀዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ለማንም አታሳዪ።

ፊደሌ ቢጣመምብሽ ይቅር በይኝ። ከምድጃው የወጣ ጡብ ይዤ ቀኝ እጄ ተቃጠለ። መቃጠሌን ያወቅኩት ሲሸተኝ ነው፤ ሥራ ሲበዛ ልብ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

አንድ ነገር ሰፍተሽ ላኪልኝ። የአገራችንን እጀ ጠባብ እፈልጋለሁ፣ እጅጌው ረዘም ያለ። ጣት እስኪሸፍን ቢሆን ደስ ይለኛል።

ልጅሽ ካሣ

*

አሶሳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1894 ዓ.ም.

ለካሣ። ሰላምታዬ ካንተ በፊት ለተጎዳው እጅህ ይድረስ፤ የሚያድን አምላክ ያድንልህ።

ቤቴ ከመንገዱ በስተግራ ነው፤ ትልቅ የዋርካ ዛፍ አልፈህ የመጀመሪያው። ግን በቀጥታ አትግባ። መጀመሪያ ከደጅ ሆነህ ጥራኝ። የምልህን ስማ።

ለማንም አታሳዪ ያልከኝ ዘግይቶ ደረሰኝ። አይተውኛል። ከምንጭ ውኃ ስቀዳ የመቶ አለቃው ሚስት «እትዬ አረጋሽ፣ ከሁላችን በኋላ ቢቀዱ ምናለበት?» አለችኝ። «ለምን፣ ቀድሜ ከቀዳሁ ውኃው ያልቃል?» አልኳት። ጎንበስ ብላ እንስራዋን ከእንስራዬ አራቀች። ከዚያ ወዲህ ከምንጩ በታች፣ ከብት ከሚጠጣበት እቀዳለሁ።

እሑድ ደግሞ ቄሱ እስከ ደጀ ሰላሙ መጥቶ «አረጋሽ፣ ለጊዜው ከቅጽሩ ውጪ ሆነሽ ብትሰሚ» አለኝ።

«ለየትኛው ጊዜ፣ አባ?»

«ለጊዜው።»

«ጊዜው ከእኔ በፊት ያልቃል ወይስ ከእኔ በኋላ?»

በመስቀሉ ከሩቅ አማተበልኝ። አንተ ትንሽ ሆነህ ኩፍኝ ሲይዝህ ሰባት ቀን ሙሉ አቅፌህ እንደ ነበር፣ ማንም «ራቂ» እንዳላለኝ አስታወስኩ። ያን ጊዜ ገላህ ሙሉ ቀይ ነበር።

ድኝ በቅቤ ለውሼ ተቀባሁ። ኮሶ ጠጣሁ። ጠበል ተጠመቅሁ። ቁስሉ ሁለት ሳምንት ይተወኝና ይመለሳል። መንዘሩ ግን እጄን ከያዘኝ አይለቀኝም፤ ትናንት ውኃ የያዘ ቅል ከእጄ ወደቀ። እንግዲህ እንዴት ያለች አሮጊት ሴት እንደምትጠብቅህ እወቅ።

እጀ ጠባቡን ልኬልሃለሁ። በዚያ ሙቀት ረዥም እጅጌ ምን ያደርግልሃል? ሹም ሆነህ ነው? ጣትህን እስኪያልፍ አድርጌዋለሁ። ስፌቱ ወጣ ገባ ያለው እጄ እየነዘረኝ ስለሰፋሁት ነው። አንተስ ቃጠሎህ እስካሁን አልዳነም? የኔታ ሁሉን ልጅ ሰብስበው የአንተን ጽሕፈት ያሳዩ ነበር። አሁን ፊደልህን አየሁና የእኔን መሰለኝ። እኔ በስተርጅና ስለተማርኩ ነው። አንተ ምን ሆነህ?

ኅዳርን እጠብቃለሁ። ከሐኪሙ ጋር ያወራኸውን ይዘህልኝ ና።

አረጋሽ

*

ኦምዱርማን፣ ኅዳር 30 ቀን 1895 ዓ.ም.

ለእታለም አረጋሽ። የዘገየ ሰው ሰላምታ ቢከብድም ተቀበይኝ፤ ምሕረት የማያልቅበት አምላክ በመካከላችን ይሁን።

ዘንድሮ አልመጣሁም። አሠሪዬ አልለቀቀኝም፤ ሥራው ብዙ ነው። እባክሽ አትቆጪ፤ ብትቆጪም ግድ የለም፣ ደስ ይለኛል።

እጀ ጠባቡ ልኬ ነው። በየቀኑ እለብሰዋለሁ።

ስለ ሕመምሽ ሐኪሙ የጠየቀው ይህ ነው። ራስሽን ራስሽ እንዳትፈትኚ፤ ዓይን ካየ እጅ ይዋሻል። ዓይንሽን ጨፍኚና ሌላ ሰው ገላሽ ላይ የዶሮ ላባ ያስኪድብሽ፤ የነካሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪ። ከዚያ መርፌ ይውጋሽ። ከቀላው ቦታ መካከል ይውጋሽ፣ ከዳሩ አይደለም፣ ምክንያቱም ዳር ዳሩ ለብዙ ጊዜ ይሰማዋል። በአንዱ ቅል የሞቀ ውኃ፣ በሌላው የቀዘቀዘ ይሁን፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለዪ። ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፤ ሁሉ ገላሽ ሲያልበው ያ ቦታ ደርቆ ይቀር እንደሆነ እዪ።

ቅንድብሽንም በጣትሽ ዳብሺው። መሳሳት ሲጀምር በመስተዋት አይታይም፣ ጣት ነው ቀድሞ የሚያውቀው። ስትሄጂ ነጠላ ጫማሽ ከእግርሽ ወልቆ ብዙ መንገድ ሳታውቂ ትሄጂ እንደሆነም ልብ በዪ። ጠዋት ስትነሺ ሌሊት አይጥ የነካው ጣት እንዳለ እዪ፤ አያምም፣ ስለዚህ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሐኪሙ ነው ያለው።

ሁሉም ከተሰማሽ ሌላ ነገር ነው፣ እግዚአብሔርን አመስግኚ። ካልተሰማሽ ግን እታለም፣ ለቄሱም ለጎረቤትም ሳትነግሪ መጀመሪያ ለእኔ ጻፊ። ብቻሽን አትሆኚም።

ካሣ

*

አሶሳ፣ ጥር 18 ቀን 1895 ዓ.ም.

ለካሣዬ። ዛሬ ሰላምታ የማሳምርበት ትዕግሥት የለኝም፤ ደኅና ነህ ብዬ ልጀምር፣ እኔም ልነግርህ ቸኩያለሁ።

ደብዳቤህን ጀዕፈር እንደሰጠኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የሚወጋኝ ሰው ፈለግሁ። በዚህ ሰፈር አንድም የሚነካኝ የለም። መሪጌታው እንኳ «መርፌ? እኔ?» ብሎ ጥምጣሙን እያስተካከለ ሄደ። ከአጥሬ ማዶ የምትኖር ብኸይታ የምትባል በርታ አለች። ፍየሎቿ ዱባዬን በልተውብኝ ከተጣላን ወዲህ ሰላምታ ተለዋውጠን አናውቅም። ምን ላድርግ፣ መርፌዬን ይዤ ከደጇ ቆምኩ።

«ብኸይታ፣ በዚህ ትወጊኛለሽ?»

መርፌውን አየች፣ እኔን አየች። አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው። «አንተን? ዛሬ ነው የምትለምነኝ? እኔ ከፍየሉ ቀን ጀምሮ ልወጋህ እፈልጋለሁ!»

ሳትፈራ ክንዴን ያዘች። ካሣ፣ ሰው ክንዴን ከያዘኝ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ላባውን አስኬደችብኝ፣ ሁሉን አሳየኋት። ሙቁንና ቀዝቃዛውን ለየሁ። ከዚያ ልክ አንተ እንዳልከው ከቀላው መካከል ወጋችኝ።

«ወይኔ እጄን! አንቺ አረመኔ!»

«ጮኸ!» አለች እያጨበጨበች። «ወላሂ ጮኸ! ሌላውንም እንይ።» አሥራ አንድ ቦታ ወጋችኝ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሰደብኳት። በመጨረሻ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አላበኝ፤ ቀዩም ቦታ አላበው። ቅንድቤም ድሮ የነበረው ነው፣ ያው ጥቂት።

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» አልኳት። ደረቅ ሽመሌ እየተቀቀለ ስለ ነበር ልታይ ተከትላኝ ቤቴ ገባች፤ ከገባች የመጀመሪያዋ ነው። ድስቱን ከፍታ አሸተተች።

«ውኃው የት ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል? እጠጣዋለሁ።»

እጇን ከራሷ ላይ ጫነች። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንተ ውኃውን ትጠጣለህ? የእኔ ፍየል እንኳ አይጠጣም! ይኼ ውኃ ይደፋል። ሌላ ይጨመራል፣ ይፈላል፣ እሱም ይደፋል። መራራው ሰው ይይዛል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ አፍ ያደነዝዛል። ልጆቻችን ይህን በእግራቸው ሳይሄዱ ነው የሚያውቁ።»

«ገላዬስ?»

«ስትልጥ የት ታስቀምጣለህ?»

ጭኔ ላይ አልኳት። ቅርፊቱን በክንዴ ደግፌ በእጄ እንደምልጠውም አሳየኋት። አንድ ደረቅ ቅርፊት አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው። እንደ ወርቅ የሚያበራ ጸጉር ሞልቶበታል፤ ዓይን የማያየው እሾህ ነው። እነሱ በቢላዋ ጫፍ፣ ጭናቸው ላይ ቅጠል ዘርግተው ነው የሚልጡት። እኔ ሁለት ክረምት አቅፌው ኖሬያለሁ።

«ለምን አልጠየቅክ?» አለችኝ።

ድስቱን አንሥቼ ውኃውን ደጅ ደፋሁት። እሷ ደግሞ «እኔም ለምን አላየሁም» አለች።

ገና ዛሬ ነው የተውኩት፤ ሲለቀኝ እጽፍልሃለሁ። ሐኪሙን ስለ ጥያቄው አመስግንልኝ። እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው! እንዲህ ቁጭ ብሎ የነጠላ ጫማ ነገር ሳይቀር የሚያስብ ፈረንጅ አለ ብዬ አላምንም ነበር።

አረጋሽ

*

አሶሳ፣ መጋቢት 29 ቀን 1895 ዓ.ም.

ለካሣ። ጤና የመለሰልኝ አምላክ አንተንም ይመልስልኝ።

ድኛለሁ። ገላዬ ጠርቷል፤ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ጣቴን ነዝሮኝ አያውቅም። ቄሱ «ወደ ቅጽሩ ግቢ» ብሎ ልኮብኝ ነበር፤ ውጪውን ለምጄዋለሁ፣ ንፋስ አለው ብዬ መለስኩለት። የመቶ አለቃው ሚስት እንስራዋን አምጥታ ከእንስራዬ አጠገብ አኖረች። እኔ የእኔን አራቅኩ። ክፉ ነኝ፣ ታውቀኛለህ።

አሁን የሚከለክልህ የለም። ከደጅ ጥራኝ ያልኩህን ተወው። ዝም ብለህ ግባ።

የጥር ደብዳቤዬ ደርሶህ ይሆን? ምነው ዝም አልክ?

አረጋሽ

*

ኦምዱርማን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1896 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ አረጋሽ። ሰላመ እግዚአብሔር ከቤትዎ አይራቅ።

ይህን ደብዳቤ ጎንደሬ ወዳጄ ነው የሚጽፍልኝ፤ እኔ ሥራ ይዞኛል። ደኅና መሆንዎን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ከዚህ የበለጠ የምፈልገው አልነበረም።

እኔ እዚህ አግብቻለሁ፤ ሚስቴም አገሯን ትታ መሄድ አትወድም። ስለዚህ የእኔን መንገድ አይጠብቁ። ወደ ወንበራ፣ ወደ ዘመድዎ ይመለሱ፤ ቆላው ለጤናዎ አይስማማም። ልብስም ሆነ ሌላ ነገር አይላኩ፤ ምንም አልቸገረኝም።

ስለ ሁሉም ይቅር ይበሉኝ።

ካሣ

*

አሶሳ፣ ጥር 25 ቀን 1896 ዓ.ም.

ለካሣ። ሰላምታውን በአፌ ስለምነግርህ እዚህ አልጽፈውም።

ጎንደሬው ወዳጅህ ጽሕፈቱ ጥሩ ነው። ቁመቱ የተስተካከለ፣ «እርስዎ» የሚል ጨዋ ሰው። አንተ ግን እርስዎ ብለኸኝ አታውቅም። ደብዳቤውን አንብቤ ለጀዕፈር ጠላ አቀረብኩለት፤ እንደማይጠጣ ረስቼ ነው፣ ያን ያህል ተናድጄ ነበር።

«ሚስቱ እንዴት ያለች ናት?» አልኩት።

«የማን ሚስት?»

«የካሣ። የጁምዓ።»

ጀዕፈር ጫማውን ማየት ጀመረ። «እትዬ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ።

«ነጋዴ ከሆንክ ዛሬ ከጨርቅህ አንድም አልገዛም። አይተኸዋል?»

«ድሮ ለጡብ አሠሪው ነበር የምሰጠው። አሁን አሠሪው 'ራስህ ውሰድለት' አለኝ። ከጡብ ማቃጠያው አልፎ ወንዙ ዳር ጎጆዎች አሉ። እዚያ ነው ያሉት።»

«እነማን?»

«እነሱ። ያ በሽታ ያለባቸው።» ከዚያ ሳልጠይቀው ተናገረ፤ ሲከብደው የኖረ ነገር መሆኑን አየሁ። «ስጠራው ወጣ። ያንቺን እጀ ጠባብ ለብሷል፤ እጅጌው እስከ ታች ወርዷል። ደብዳቤሽን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ራቅኩ። ጎንበስ አለና በሁለቱ እጆቹ አንጓ መካከል ይዞ አነሣው።»

«የእኔን ደብዳቤ ድንጋይ ላይ?»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርግ፣ እትዬ። እሱ ራሱ ነው 'እዚያ አኑረው' ያለኝ።»

ጀዕፈር ከሄደ በኋላ ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ደረደርኳቸው። ፊደል መማሬን የረገምኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ለካ ሁሉም ተጽፎልኛል። ሲሸተኝ ነው ያወቅኩት አልከኝ። ጣት የሚሸፍን እጅጌ ለመንከኝ። ዳር ዳሩ ለብዙ ጊዜ ይሰማዋል፣ ቅንድብን ጣት ነው ቀድሞ የሚያውቀው፣ ሌሊት አይጥ የነካው ጣት አያምም አልከኝ። ይህን ሐኪሙ አላለም፣ ካሣ። ፈረንጅ ከአይጥ ጋር አይተኛም። ያልከው አንተ ነህ። እኔ ደግሞ በእብድ ደስታዬ «ሐኪሙን አመስግንልኝ» ብዬ ጻፍኩልህ። «አሁን የሚከለክልህ የለም» ብዬም ጻፍኩልህ። ያን ስታነብ ምን ሆንክ? እኔ በሽተኛ ሳለሁ ብቻሽን አትሆኚም ያልከኝ ሰው፣ የዳንኩ ጊዜ ወደ ወንበራ ተመለሺ አልከኝ።

በአንተ ላይ ያልተናደድኩበት ቀን የለም። ደርቡሽ ሲመጣ ጫካ እንድትገባ ነግሬህ ስለ ጥጃ ብለህ ስለ ተመለስክ ተናድጃለሁ። ስትዘገይ ተናድጃለሁ። ዛሬ የምናደደው ግን ስለ ሌላ ነው። ከቅጽር ውጪ መቆምን፣ ከከብት ጋር መቅዳትን፣ እንስራ ሲርቅ ማየትን ከእኔ የበለጠ የምታውቅ ዘመድ የት ልታገኝ ነው? ለእኔ ያልነገርክ ለማን ልትነግር?

ለብኸይታ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። በማግስቱ ወንድሟን ሐመድን ይዛ መጣች፤ ሽመል ቆርጠው ከግቢዬ ጀርባ፣ ቀርከሃው ከሚጀምርበት፣ ጎጆ አቆሙ። እኔ ገለባውን አቀብል ነበር። ሐመድ «በሩን ወደ ጫካው እናዙረው? ሰው እንዳያይ?» አለ። ብኸይታ አፈጠጠችበት። በሩ ወደ ቤቴ ደጅ ይከፈታል፤ ሌላ በር የለውም። ቄሱ ሰምቶ መጥቶ ነበር። «አረጋሽ፣ ከዳንሽ በኋላ?» አለኝ። «አዎ፣ ከዳንኩ በኋላ» አልኩት። ሲሄድ ግን በመስቀሉ ከሩቅ አላማተበም፣ አስጠግቶ አሳለመኝ።

አንተ የጠየቅከኝን ላስታውስህ። ቤትሽ በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ ብለኸኝ ነበር። ስትመለስ እኔው አብሬህ ስለምሆን አትሳሳትም።

ጀዕፈር ከነገ ወዲያ ይነሣል። መጀመሪያ «አሮጊት ሴት በግመል? በዚያ ፀሐይ?» አለ። «አንተ ድንጋይ ላይ ያስቀመጥከውን ላነሣ ነው የምሄደው» ስለው ኮርቻ ሊጠግን ሄደ። ብኸይታ ቤቱን ትጠብቃለች። ፍየሎቿ ዱባዬን ይብሉት፤ ተስማምተናል። ሽመል ቀቅላ፣ ሁለቴ ደፍታ፣ አድርቃ ስንቅ ሰጥታኛለች። «እዚያ ደግሞ ውኃውን እንዳትጠጣ» ብላ በሰው ፊት አሳፈረችኝ። መርፌዬን ልይዝ ስል ከእጄ ቀማችኝ። «እሱን አትወጋም» አለች። እኔስ መች ልወጋህ አሰብኩ። እጀ ጠባብህ አርጅቶ ይሆናል፣ ልጥፍልህ ብዬ ነው። በኋላ መልሳ በክር ጠቅልላ አቀበለችኝ።

ጎንደሬውን ሰላም በልልኝ። ከእንግዲህ ሥራ አይፍታ፤ መጻፍ ካማረህ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሀ-ዬ አሁንም ሰፊ ናት።

ይህን ደብዳቤ ጀዕፈር አይዘውም። በጉያዬ ነው ያለው። ከላዩ ላይ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የጻፍኩትን ጽፌበታለሁ፤ ያን ጊዜ ትርጉሙን በደንብ አላወቅኩትም ነበር። ወንዙ ዳር ደርሼ ስጠራህ «እዚያ አኑሪው» እንዳትለኝ። አላኖረውም። እጅጌህን ሰብስብና እጅህን ዘርጋልኝ።

አረጋሽ